«ኤ ነምበር ኦፍ» እና «ዘ ነምበር ኦፍ»፦ በሪፖርት፣ በጥናትና በደብዳቤ ውስጥ በትክክል ለመጠቀም

በጅማ ከተማ በየዕለቱ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ጽሑፍ ጥቂት አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን፣ የጤና ባለሙያዎች ለኅትመት የሚልኩትን የምርምር ውጤት፣ ቡና ላኪዎች ከውጭ አገር ገዢዎች ጋር የሚለዋወጡትን ደብዳቤ፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ለረጂዎቻቸው የሚያቀርቡትን ዘገባ የሚጽፉት በዚህ ቋንቋ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ልጆቹ ገና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከቋንቋው ጋር ይታገላሉ። በእነዚህ ሁሉ ጽሑፎች ውስጥ «ነምበር ኦፍ» የሚለው ሐረግ ሳይነሣ የሚያልፍ ምዕራፍ ከስንት አንድ ነው፤ ሪፖርትም ሆነ ጥናት በባሕርዩ የሚቆጥር ጽሑፍ ነውና። ሐረጉ ቀላል ስለሚመስል ተቀምጦ የሚያጠናው የለም። ይሁን እንጂ ከፊቱ «ኤ» ሲገባ አንድ ነገር፣ «ዘ» ሲገባ ደግሞ ፍጹም ሌላ ነገር የሚል፣ የሚከተለውንም ግስ አብሮ የሚለውጥ ሐረግ ነው። ከዚህ በታች ሁለቱን ለይቶ በየቦታቸው የማዋያውን መንገድ አስቀምጣለሁ። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በፊደላችን የጻፍሁት ድምፁ ጆሮ ውስጥ እንዲቀር በማሰብ ነው፤ አንባቢው እያንዳንዱን ምሳሌ ድምፁን አውጥቶ ቢያነበው ይበልጥ ይጠቀማል።

ስለ ገበሬዎቹ ነው ወይስ ስለ ቁጥሩ?

«ኤ ነምበር ኦፍ» ማለት «በርካታ» ወይም «የተወሰኑ» ማለት ነው። «ኤ ነምበር ኦፍ ፋርመርስ» ብለን ስንጀምር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ገበሬዎቹ ናቸው፤ የሚመጡት፣ የሚሸጡት፣ የሚተክሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ግሱ የብዙ ቁጥር ግስ ይሆናል፦ «ኤ ነምበር ኦፍ ፋርመርስ ሃቭ ሶልድ ዜር ኮፊ»፣ ማለትም በርካታ ገበሬዎች ቡናቸውን ሸጠዋል። «ዘ ነምበር ኦፍ» ግን «ቁጥር» ወይም «ብዛት» ማለት ነው። «ዘ ነምበር ኦፍ ፋርመርስ» ካልን በኋላ ባለቤቱ ቁጥሩ እንጂ ገበሬዎቹ አይደሉም፤ ቁጥር ደግሞ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን አንድ ነገር ስለሆነ ግሱ ነጠላ ይሆናል፦ «ዘ ነምበር ኦፍ ፋርመርስ ሃዝ ኢንክሪስድ»፣ የገበሬዎቹ ቁጥር ጨምሯል። በሁለቱም ጊዜ ከ«ኦፍ» በኋላ የሚመጣው ስም በብዙ ቁጥር ይጻፋል፤ የሚለያየው ግሱ ብቻ ነው። ስሕተቱ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ጸሐፊው ከግሱ ጋር ተጎራብቶ የሚያየው «ፋርመርስ» የሚለውን ቃል ስለሆነ በዓይኑ ቅርበት ይመራና «ዘ ነምበር ኦፍ ፋርመርስ ሃቭ ኢንክሪስድ» ብሎ ይጽፋል።

ለዚህ አንድ ማረጋገጫ ልስጥ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የጅማ ግብርና ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው እንደሆነ ይታወቃል። ይህን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ «ዘ ነምበር ኦፍ ኢንስቲትዩሽንስ ዛት መርጅድ ወዝ ቱ» እንላለን። ተቋማቱ ሁለት ሆነው ሳለ ግሱ «ወዝ» እንጂ «ወር» አልሆነም፤ ሁለት የሆነው ቁጥሩ ነውና፣ ቁጥሩም አንድ ነው። በአማርኛም «የተዋሐዱት ተቋማት ቁጥር ሁለት ነበር» እንላለን እንጂ «ቁጥር ሁለት ነበሩ» አንልም። እዚህ ላይ የገዛ ቋንቋችን ታማኝ መሪ ነው።

በተግባር ለመለየት የሚከተለውን ማድረግ ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩን ከመጻፋችሁ በፊት ሐሳቡን በአማርኛ አስቡት። «በርካታ» ወይም «አንዳንድ» የሚለው ቃል ከተስማማው፣ በእንግሊዝኛው «ሴቨራል» ወይም «ሜኒ» ብሎ መተካት የሚቻል ከሆነ፣ «ኤ ነምበር ኦፍ» እና የብዙ ቁጥር ግስ ትጠቀማላችሁ። «ቁጥር» ወይም «ብዛት» የሚለው ቃል የግድ ከሆነ «ዘ ነምበር ኦፍ» እና ነጠላ ግስ ትጠቀማላችሁ። ግሱ ራሱም ይጠቁማል፤ መጨመር፣ መቀነስ፣ ማሻቀብ፣ ባለበት መቆየት፣ ከሌላ መብለጥ የቁጥር ሥራ ስለሆነ «ዘ» ይፈልጋል። መምጣት፣ መታመም፣ መመዝገብ፣ መመረቅ ግን ሰው የሚያደርገው ወይም ሰው የሚደርስበት ስለሆነ ቁጥር ሊያደርገው አይችልም። «ዘ ነምበር ኦፍ ፔሸንትስ ወዝ ትሪትድ» የሚለው አባባል ቁጥሩ ታከመ ማለት ይሆናልና አያስኬድም።

ከ«ኤ» በኋላ ቅጽል ቢገባ ሕጉ አይለወጥም። «ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ»፣ «ኤ ስሞል ነምበር ኦፍ»፣ «ኤን ኢንክሪሲንግ ነምበር ኦፍ» ሁሉም የብዙ ቁጥር ግስ ይወስዳሉ። በተለይ የመጨረሻው ብዙዎችን ያደናግራል፤ ውስጡ የመጨመር ሐሳብ ስላለ የ«ዘ» ወገን ይመስላል። ነገር ግን «ኤን ኢንክሪሲንግ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ አር ለርኒንግ ኦንላይን» ስንል በኦንላይን የሚማሩት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ «አር» ትክክል ነው። እንዲሁም «ዜር» ብሎ በሚጀምር ዓረፍተ ነገር «ዜር አር ኤ ነምበር ኦፍ ሪዝንስ» ይባላል። ከጥንቃቄ ብዛት «ዜር ኢዝ» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ «ኤ» የሚለውን ሲያዩ ነጠላ ነው ብለው ስለሚያስቡ ነው። ምክንያቶቹ ግን ብዙ ስለሆኑ «አር» መሆን አለበት።

አማርኛችን የት ላይ ያሳስተናል

አማርኛ «ብዙ ሰው መጣ» ማለትን ይፈቅዳል። ሰዉ ብዙ ነው፣ ስሙም ግሱም ግን ነጠላ ናቸው። «ሦስት ገበሬ»፣ «አምስት ጆንያ»፣ «ሃያ ተማሪ» እንላለን፤ ቁጥሩ ከተነገረ ስሙን ማብዛት አያስፈልገንም። በጅማና በአካባቢው በብዛት በሚነገረው በአፋን ኦሮሞም ከቁጥር ጋር የሚሄድ ስም በነጠላ መቆየቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ በአንዱም ሆነ በሌላው ቋንቋ ያደገ ጸሐፊ «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንት ሃዝ ካም» ብሎ ቢጽፍ ባለማሰብ አይደለም፤ የገዛ ቋንቋው ሥርዓት አብሮት ስለሚጽፍ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሁለት ነገር በአንድነት ይጠይቃል፤ ስሙ «ስቱደንትስ» ይሁን፣ ግሱም «ሃቭ» ይሁን። አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መተው የተለመደ ስለሆነ ሁለቱንም መመልከት ያሻል።

ሁለተኛው መሰናክል «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉት ቃላት በአማርኛ ራሳቸውን የቻሉ ቃላት ሆነው አለመኖራቸው ነው። እኛ «ተማሪው»፣ «ተማሪዋ» ስንል የታወቀ መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት ከስሙ መጨረሻ ላይ እንለጥፋለን፤ ከስሙ በፊት የሚቆም ትንሽ ቃል ስለማናውቅ በእንግሊዝኛውም እንዘነጋዋለን። ውጤቱ «ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ ኢንክሪስድ» የሚል፣ ፊቱ ባዶ የሆነ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲህ ያለው አጻጻፍ የሠንጠረዥ ዓምድ ርእስ ሲሆን ምንም ነውር የለበትም፤ በሠንጠረዡ ራስጌ «ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» ብሎ መጻፍ የተለመደና ተገቢ ነው። ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲገባ ግን «ዘ» መጨመር ግዴታ ነው። ብዙ ሪፖርት ጸሐፊዎች የሠንጠረዡን ርእስ እንዳለ ገልብጠው ከታች በሚያብራሩት አንቀጽ ውስጥ ስለሚያስገቡት ስሕተቱ ሳይታወቅ ይዛመታል።

ከ«ኦፍ» በኋላ «ዘ» ሲገባም መጠንቀቅ ይገባል፣ ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላልና። በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቡና ዝርያዎች መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት በገበሬው ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ የቡና ፍሬ በሽታን ስለሚቋቋሙ የተመረጡ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች በአውሮፓ አቆጣጠር የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታሉ። «ዘ ነምበር ኦፍ ቫራይቲስ» ብንል ዝርያዎቹ ስንት እንደሆኑ እየተናገርን ነው። «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቫራይቲ ኢዝ 74110» ብንል ግን ብዛት አልተናገርንም፤ የዝርያውን መለያ ቁጥር ጠራን እንጂ። እንዲህ ያለውን መለያ «ዘ ቫራይቲ ነምበር» ብሎ መጻፍ ብዥታውን ያስወግዳል፤ የቤት ቁጥርም «ሃውስ ነምበር»፣ የስልክም «ፎን ነምበር» ነው።

በቡና ቋንቋ ሲፈተሽ

«ነምበር ኦፍ» የሚወደው የሚቆጠር ነገርን ብቻ ነው። የማይቆጠር ነገር ሲመጣ «አማውንት ኦፍ» ወይም «ኳንቲቲ ኦፍ» ቦታውን ይይዛል። ልዩነቱ በጅማ ምድር ከቡና የተሻለ አስረጂ የለውም።

ቡና በእንግሊዝኛ እንደ ውሃና እንደ ጤፍ የማይቆጠር ስም ነው። ስለዚህ «ዘ ነምበር ኦፍ ኮፊ» አይባልም፤ «ዘ አማውንት ኦፍ ኮፊ» ይባላል። ነገር ግን ቡናው ጆንያ ውስጥ ሲገባ ጆንያው ይቆጠራልና «ዘ ነምበር ኦፍ ባግስ» ትክክል ይሆናል። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ ቡና በተለምዶ በ60 ኪሎ ጆንያ ስለሚታሸግ፣ ላኪው «ዘ ነምበር ኦፍ ባግስ ሃዝ ቼንጅድ» ብሎ ቢጽፍ ገዢው ስለ ጆንያው ብዛት መሆኑን ወዲያው ይረዳል። በፈረሱላ የሚመዘን ከሆነ፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ፣ ፈረሱላውም እንደ ጆንያው ይቆጠራል፤ «ዘ ነምበር ኦፍ ፈረሱላስ» ማለት ይቻላል። ለውጭ አንባቢ ግን ወደ ኪሎ ለውጦ «ዘ አማውንት» ማለት ይሻላል። ጀንፈልም ሆነ የታጠበ ቡና፣ በምርትነቱ ሲጠራ «አማውንት»፣ በመያዣው ወይም በመለኪያው ሲጠራ «ነምበር» ይወስዳል።

«ኮፊስ» የሚል ብዙ ቁጥር ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ካፌ ተቀምጦ ሁለት ስኒ ያዘዘ ሰው «ቱ ኮፊስ» ይላል፤ የቡና ቀማሾችም የሊሙን፣ የጅማንና የሌላ አካባቢን ቡና በአንድ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው ሲያወዳድሩ «ኤ ነምበር ኦፍ ኮፊስ ወር ቴስትድ» ሊሉ ይችላሉ፤ እዚያ ላይ የሚቆጠረው ዓይነቱ ነው። በንግድ ደብዳቤና በጥናት ውስጥ ግን ይህን አጠቃቀም ለቅምሻው ክፍል ብቻ መተው ይመረጣል።

ከቡና ውጭ እኛን በብዛት የሚያሳስቱን በአማርኛ ሲበዙ የማይከብዱ፣ በእንግሊዝኛ ግን የማይበዙ ስሞች ናቸው። «መረጃዎች»፣ «የቤት ዕቃዎች»፣ «የሕክምና መሣሪያዎች»፣ «ምክሮች» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን «ኢንፎርሜሽን»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ኢኩዊፕመንት»፣ «አድቫይስ» መጨረሻቸው ላይ «ስ» አይቀበሉም፤ ስለዚህ «ኤ ነምበር ኦፍ ኢኩዊፕመንትስ» የሚለው የግዢ ክፍሎች የዘወትር አባባል መታረም አለበት። መፍትሔው የሚቆጠር ቃል ፈልጎ ማስገባት ነው፦ «ኤ ነምበር ኦፍ ማሺንስ»፣ ወይም «ኤ ነምበር ኦፍ ፒስስ ኦፍ ኢኩዊፕመንት»። «ሪሰርች» የሚለውንም ተማሪዎች «ሪሰርችስ» ብለው ያበዙታል፤ «ኤ ነምበር ኦፍ ስተዲስ ሃቭ ሾውን» ማለት የተሻለውና በምርምር ጽሑፍ የተለመደው ነው። «ፒፕል» ደግሞ በራሱ ብዙ ስለሆነ «ዘ ነምበር ኦፍ ፒፕል» ይባላል። «ፒፕልስ» የሚለው ሕዝቦች ማለት ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛ ቅጂ ስለ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሲናገር የሚጠቀምበት ቃል ነው። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩትን ሰዎች ለመቁጠር ግን አይሆንም።

ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲመጣ

አጭሩን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ያስተካክለዋል። ችግሩ የሚብሰው በባለቤቱና በግሱ መካከል ሌላ ሐረግ ሲገባ ነው። የሚከተለውን በአንክሮ እንመልከት፦ «ዘ ነምበር ኦፍ ፋርመርስ ሁ ሴል ሬድ ቼሪስ ቱ ዋሺንግ ስቴሽንስ ኢን ጎማ ኤንድ ማና ሃዝ ኢንክሪስድ»። በአማርኛ፣ በጎማና በማና እሸት ቡናቸውን ለማጠቢያ ጣቢያዎች የሚሸጡ ገበሬዎች ቁጥር ጨምሯል ማለት ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ግስ አለ። የመጀመሪያው «ሴል» ነው፤ የሚሸጡት ገበሬዎቹ ስለሆኑ የብዙ ቁጥር ነው፣ «ሴልስ» አይሆንም። ሁለተኛው «ሃዝ» ነው፤ የጨመረው ቁጥሩ ስለሆነ ነጠላ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዱ የብዙ፣ ሌላው የነጠላ መሆኑ ብዙዎችን ያስጨንቃቸውና «ለማስማማት» ሁለቱንም የብዙ ወይም ሁለቱንም የነጠላ ያደርጓቸዋል። ሁለቱም ማስተካከያዎች ስሕተት ናቸው፤ እያንዳንዱ ግስ ለየራሱ ባለቤት ብቻ ይታዘዛል።

ከ«ሃዝ» በፊት የተቀመጡት ቃላት እነማን እንደሆኑ ደግሞ ልብ በሉ። ገበሬዎቹ፣ ቼሪዎቹ፣ ጣቢያዎቹ፣ ሁለቱ ወረዳዎች፤ ሁሉም ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ዓይንን ወደ «ሃቭ» ይስባሉ። ለማረም የሚበጀው ከ«ሁ» ጀምሮ እስከ «ማና» ያለውን በጣት ሸፍኖ «ዘ ነምበር ኦፍ ፋርመርስ … ኢንክሪስድ» ብሎ ማንበብ ነው። የሸፈናችሁት ሲነሣ የቀረው ዓረፍተ ነገር በእግሩ የሚቆም ከሆነ ግሱን በእርሱ ላይ መርጣችሁ ሽፋኑን ታነሣላችሁ።

ተውላጠ ስሙም ግሱን ይከተላል። ቁጥሩን ጠቅሰን ስንቀጥል «ኢት» እንላለን፤ ገበሬዎቹን ጠቅሰን ስንቀጥል «ዜይ»። «ኤ ነምበር ኦፍ ፋርመርስ ጆይንድ ዘ ዩኒየን፤ ዜይ ሪሲቭድ ትሬኒንግ» ትክክል ነው፤ ሥልጠና የሚወስድ ቁጥር የለምና።

በጤና ሪፖርትና በመመረቂያ ጥናት

የሕክምናና የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች «ነምበር ኦፍ»ን ከማንም በላይ ይጠቀማሉ፤ ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስሕተትም «ዘ ነምበር ኦፍ ማላሪያ ሃዝ ኢንክሪስድ» የሚለው ነው። ወባ በሽታ ነው፣ አይቆጠርም። የሚቆጠረው በወባ የተያዘው ሰው ወይም የተመዘገበው አጋጣሚ ስለሆነ «ዘ ነምበር ኦፍ ማላሪያ ኬዝስ» መባል አለበት። በአገራችን የወባ ሥርጭት በአብዛኛው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሚበረታ፣ የእነዚህን ወራት ሪፖርት የሚጽፍ ባለሙያ «ዘ ነምበር ኦፍ ማላሪያ ኬዝስ ሪፖርትድ ሃዝ ራይዝን» ብሎ ግሱን በነጠላ ያስቀምጣል። የሳንባ ነቀርሳም፣ የደም ግፊትም፣ የስኳር በሽታም ሕጉ ይኸው ነው።

የምርምር ዘዴ የተማረ ሁሉ 384 የሚለውን ቁጥር ያውቀዋል። ሥርጭቱ ያልታወቀን ነገር 50 በመቶ ብሎ ገምቶ፣ በ95 በመቶ የመተማመን ደረጃና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን የናሙና መጠን ሲሰላ የሚገኘው ይኸው ነው፤ ለማይመልሱ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመርበት 422 ይሆናል። ይህን ቁጥር ወደ ዓረፍተ ነገር የሚያገቡት ሁለት የታወቁ መንገዶች ናቸው፤ ባሕርያቸውም ልክ እንደ «ኤ ነምበር ኦፍ» እና «ዘ ነምበር ኦፍ» ነው። «ኤ ቶታል ኦፍ 422 ፓርቲሲፓንትስ ወር ኢንሮልድ» ይባላል፤ የተመዘገቡት ተሳታፊዎቹ ናቸውና «ወር»። «ዘ ቶታል ነምበር ኦፍ ፓርቲሲፓንትስ ወዝ 422» ይባላል፤ 422 የሆነው ቁጥሩ ነውና «ወዝ»። በአንድ የውጤት ምዕራፍ ውስጥ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ልዩ ልዩ ግስ መያዛቸው አለመጣጣም ተብሎ ሊታረም አይገባም። በመቶኛም እንዲሁ ነው። «60 ፐርሰንት ኦፍ ዘ ሜዘርስ ወር» ሲባል ስለ እናቶቹ፣ «ዘ ፐርሰንቴጅ ኦፍ ሜዘርስ ወዝ» ሲባል ስለ መቶኛው ነው።

በዚህ ምዕራፍ ላይ የማምንበትን በግልጽ ልናገር። በጥናት ውጤት ውስጥ «ኤ ነምበር ኦፍ» ባይገባ እመርጣለሁ። ሐረጉ በርካታ ይላል እንጂ ስንት እንደሆነ አይናገርም። ቤት ለቤት ዞሮ፣ መጠይቅ አስሞልቶ፣ በኮምፒውተር አስገብቶ የቆጠረ ተማሪ በመጨረሻ «ኤ ነምበር ኦፍ ረስፖንደንትስ ሰይድ» ብሎ ሲጽፍ በልፋቱ ያገኘውን አኃዝ ከአንባቢው ይደብቃል። አኃዙ በእጃችሁ ካለ አኃዙን ጻፉት። ሐረጉ ቦታ የሚያገኘው ትክክለኛው ቁጥር በማይታወቅበት ወይም ለጉዳዩ በማያስፈልግበት ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ በመግቢያው ክፍል ከዚህ ቀደም የተሠሩ ጥናቶችን በጥቅሉ ለማንሣት።

ቁጥር «ብዙ» አይሆንም

በአማርኛ «ቁጥራቸው ብዙ ነው» ማለት ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ «ዘ ነምበር ኢዝ ሜኒ» አያስኬድም፤ ብዙ የሚሆኑት ሰዎቹ ናቸው፣ ቁጥሩ ግን «ላርጅ» ወይም «ሃይ» ይሆናል። በተቃራኒውም «ዘ ነምበር ኢዝ ፊው» ሳይሆን «ስሞል» ወይም «ሎው» ነው። ሲነጻጸርም ቁጥሩ «ግሬተር» ወይም «ሃየር»፣ ሲያንስ «ስሞለር» ወይም «ሎወር» ይባላል። «ሜኒ ነምበር ኦፍ ፒፕል» የሚለውን ከጽሑፋችሁ ፈጽሞ አውጡት፤ ወይ «ሜኒ ፒፕል»፣ ወይ «ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ ፒፕል»። ለውጡን በአኃዝ ስትገልጹ «ኢንክሪስድ ባይ 15» ማለት በ15 ጨመረ፣ «ኢንክሪስድ ቱ 15» ማለት 15 ደረሰ ማለት መሆኑን አትዘንጉ። ከ40 ተነሥቶ 55 የደረሰን ቁጥር በ«ባይ» እና በ«ቱ» ማምታታት ሪፖርቱን ሐሰተኛ ያደርገዋል።

ከ«ዘ ነምበር ኦፍ» ጎን የማይጠፋ ሌላ አባባል አለ፤ «ፍሮም ታይም ቱ ታይም»። ጸሐፊው በልቡ የያዘው «ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ ነው» የሚለውን ነው፤ ይህም በአማርኛ ያለማቋረጥ እያደገ መሄድን ያመለክታል። በእንግሊዝኛ ግን «ፍሮም ታይም ቱ ታይም» አልፎ አልፎ፣ አንዳንዴ ማለት ነው። ስለዚህ «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ ኢዝ ኢንክሪሲንግ ፍሮም ታይም ቱ ታይም» ተብሎ ሲጻፍ የውጭው አንባቢ ቁጥሩ አንዳንዴ ይጨምራል፣ አንዳንዴ ይተወዋል ብሎ ይረዳል። ያሰባችሁትን ለማለት «ስቴዲሊ»፣ ወይም «ኦቨር ታይም»፣ ዓመታዊ ከሆነም «ኤቭሪ ይር» ማለት ይበቃል። ለገንዘብ ድጋፍ በሚቀርብ ማመልከቻ ውስጥ ይህ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል፤ እየሰፋ የሚሄድ ችግር እንዳለ ለማስረዳት የተጻፈው አንቀጽ ችግሩ አልፎ አልፎ የሚታይ እንደሆነ ይመሰክራልና።

በደብዳቤ

በመደበኛ ደብዳቤ ውስጥ «ኤ ነምበር ኦፍ» ጨዋና ልከኛ ቃና አለው። «ኤ ሎት ኦፍ» ለወዳጅ ሲጽፉ የሚሆን ሲሆን፣ ለገዢ ኩባንያ፣ ለኤምባሲ ወይም ለቦርድ ሲጻፍ «ኤ ነምበር ኦፍ» ይመረጣል። «ፎር ኤ ነምበር ኦፍ ሪዝንስ» በተለያዩ ምክንያቶች፣ «ኦን ኤ ነምበር ኦፍ ኦኬዥንስ» በተለያዩ ጊዜያት፣ «ኢን ኤ ነምበር ኦፍ ዌይስ» በተለያየ መንገድ ለማለት ያገለግላሉ፤ እነዚህን እንዳሉ መያዝ ይጠቅማል። የደረሰው ጭነት ጉድለት እንዳለበት ለማሳወቅ «ዊ ሃቭ ፋውንድ ኤ ነምበር ኦፍ ዳሜጅድ ባግስ» ብሎ መጀመር ከስድብም ከልመናም የራቀ አነጋገር ነው፤ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ግን የተበላሹት ጆንያዎች ስንት እንደሆኑ በአኃዝ መግለጽ ያስፈልጋል፣ ካሳ የሚከፈለው በአኃዙ ላይ እንጂ በሐረጉ ላይ አይደለምና። «ላርጅ ነምበርስ ኦፍ» የሚል፣ ራሱ «ነምበር» የበዛበት አነጋገርም አለ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብን ለመግለጽ ይሆናል፣ ግሱም የብዙ ቁጥር ነው፣ ከፊቱም «ኤ» አይገባም።

ረቂቁን ሲያርሙ

ጽሑፉ በኮምፒውተር ካለ የመፈለጊያውን መስኮት ከፍታችሁ «ነምበር ኦፍ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉና አንድ በአንድ እየዘለላችሁ ሂዱ። የኮምፒውተሩ የሰዋስው አራሚ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ስለማይይዘው በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም። በደረሳችሁበት በእያንዳንዱ ቦታ በመጀመሪያ ወደ ግራ ተመልከቱ፤ «ኤ» አለ፣ «ዘ» አለ፣ ወይስ ባዶ ነው? ቀጥሎ ከ«ኦፍ» በኋላ ያለው ስም የሚቆጠር መሆኑንና መብዛቱን አረጋግጡ። ከዚያ መካከሉን በጣት ሸፍናችሁ ወደ ግሱ ተሻገሩ። «ኤ» ሆኖ አኃዙ በሠንጠረዣችሁ ውስጥ ካለ ሐረጉን ሰርዛችሁ አኃዙን አስገቡ። ይህን ሥራ ጥናቱን ለማተም ከመውሰዳችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ፣ በተለይም በአጭር ማጠቃለያው ገጽ ላይ ጀምሩት፤ አማካሪውም ሆነ ፈታኙ ቀድሞ የሚያነበው እርሱን ነው።